ኤአይ እያገዘኝ በራሴ ድምፅ ፕሮፖዛል የምጽፈው እንዲህ ነው

ባለፈው ክረምት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖሩ አንዲት ደንበኛዬ በቪዲዮ ደውለው ስክሪናቸውን አሳዩኝ። የስደተኞች ጉዳይ ለሚይዙ ጠበቆች ሰነድ የሚያዘጋጁ ሴት ናቸው። የልደት ሰርተፍኬት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ያስተረጉማሉ። እኔ ሥራ ስለበዛብኝ ሁለተኛ ተርጓሚ ፈልገው አፕወርክ ላይ፣ ደንበኛና ፍሪላንሰር በሚገናኙበት ድረ ገጽ፣ ማስታወቂያ አውጥተው ነበር። «እስኪ እዪልኝ የኔ ልጅ፣ የቱን ልያዝ? ሁሉንም አንድ ሰው የጻፈው መሰለኝ» አሉኝ።

41 ፕሮፖዛል፣ ማለትም የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ፣ ገብቷል። ዝርዝሩ ላይ ከእያንዳንዱ የሚታየው የመጀመሪያው ሁለት መስመር ገደማ ነው። ቀሪውን ለማየት መክፈት አለባቸው። እሳቸው ወደ ታች ሲያወርዱ እኔም አብሬ አነበብኩ። «ማስታወቂያዎን ሳይ እጅግ ተደሰትኩ።» «ማስታወቂያዎን በጥንቃቄ አንብቤአለሁ።» «ሰፊ ልምድ ያለኝ ባለሙያ ነኝ።» እንግሊዝኛው እንከን አይወጣለትም። ደርዘን ያህሉን አልፈው አንዱ ጋ ቆሙ። «ሰላም። ሰርተፍኬቶቹ የድሮ የቀበሌ ወረቀት ከሆኑ ማኅተሙ ብዙ ጊዜ ስሙ ላይ ያርፋል። ዋናውን በቀለም ስካን አድርገው ሊልኩልኝ ይችላሉ?» ይላል። እሱን ከፈቱት። ሁለት ቦታ ላይ የሰዋስው ስህተት ነበረው። ሥራውን ያገኘው ያ ልጅ ነው።

ተርጓሚ ነኝ። የጀመርኩት ፒያሳ አንድ ትርጉም ቤት ውስጥ ነው፤ አሁን ከቤቴ ሆኜ በኢንተርኔት እሠራለሁ። ኤአይ በየቀኑ እጠቀማለሁ። ቻትጂፒቲም፣ ክሎድም፣ ጀሚናይም ሞክሬአለሁ፤ ከዚህ በታች የምላችሁ በሁሉም ይሠራል። ይህን የምጽፈው በተለይ እንግሊዝኛው ያስፈራቸው ልጆች ገንዘባቸውን ሲያቃጥሉ ማየት ስለማልወድ ነው። አፕወርክ ላይ ለማመልከት ኮኔክት የሚባል የድረ ገጹን መክፈያ ነጥብ ትከፍላላችሁ፤ አንዱ 0.15 ዶላር ነው። 12 ኮኔክት የሚጠይቅ ሥራ 1.80 ዶላር በላ ማለት ነው፣ መልስ መጣም አልመጣም። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው አሠራር ሲለወጥ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዚያው ክረምት ከ100 አለፈ። ገና ምንም ላላገኘ ጀማሪ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት

ቻትጂፒቲ የወጣው ኅዳር 2015 ነው። እኔም ከጥቂት ወራት በኋላ ጀመርኩ። ማስታወቂያውን ኮፒ አድርጌ እለጥፋለሁ፣ «ፕሮፖዛል ጻፍልኝ» እላለሁ፣ የመጣውን እልካለሁ። በቀን አምስትና ስድስት እልክ ነበር። እንግሊዝኛው ከእኔ እንግሊዝኛ በጣም ያምራል። ለአንድ ወር ያህል ማንም አልመለሰልኝም።

ከዚያ አንድ የሰብታይትል ሥራ ያወጣ ሰው መለሰ። ደስ ብሎኝ ከፈትኩት። «ከ200 በላይ ቪዲዮ ሠርቻለሁ ብለሻል፤ ሦስቱን ላኪልኝ» ይላል። እኔ እንዲህ አላልኩም። ተመልሼ ፕሮፖዛሉን ሳነበው አለ፤ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ። ኤአዩ ራሱ የጨመረው ነው፣ እኔም ሳላነብ ልኬዋለሁ። እውነቱን ጻፍኩለት፤ ዐሥራ አንድ ቪዲዮ ነው የሠራሁት አልኩት። ሥራው ቀረ። ከሥራው ይልቅ ያንገበገበኝ ሰውየው እንደ ውሸታም ቆጥሮኝ መሄዱ ነው። ደግሞም ልክ ነበር፤ ፊርማው የእኔ ነው።

ስለዚህ ኤአይ የመጀመሪያውን ቃል እንዲጽፍልኝ አልፈቅድም። የመጀመሪያው ቃል ከእኔ አፍ መውጣት አለበት።

ሳትጽፉ በፊት

ማስታወቂያውን ራሳችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። አንዳንድ ደንበኛ መጨረሻ ላይ «ፕሮፖዛልህን ‹ብርቱካን› በሚል ቃል ጀምር» የሚል መስመር ይጨምራል። አንብቦ የመጣውን ካላነበበው የሚለይበት ዘዴ ነው። በኤአይ ብቻ የሚያልፈውን ለመያዝ ወጥመድ የሚያስገቡም አሉ። «ኤአይ አትጠቀሙ» ብሎ የጻፈ ደንበኛ ካጋጠማችሁ አትጠቀሙ፤ በእጃችሁ ባለው እንግሊዝኛ ጻፉለት፣ አለበለዚያ እለፉት።

ካነበብኩ በኋላ ማስታወቂያውን ለኤአዩ እሰጠዋለሁ። የምለው ይህን ነው፦

«ፕሮፖዛል አትጻፍ። ይህን ማስታወቂያ አንብበህ ሰውየው በጣም የሚያሳስበው ምን እንደሆነ ንገረኝ። ሳይጽፍ የተወው አስፈላጊ ነገርም ካለ ንገረኝ። ከዚያ ስለ ልምዴ አምስት ጥያቄ ጠይቀኝ፤ አንዱን ስመልስ ቀጣዩን።»

እዚህ ላይ በጣም ጎበዝ ነው። የማላስበውን ይጠይቀኛል። የሚገምተው ሁሉ ልክ ነው ማለት አይደለም፣ ግን አእምሮዬን ያነቃዋል።

በአማርኛ ተናገሩት

ይህ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ነው፣ ስለዚህ አንድ ሥራ ወስጄ ላሳያችሁ።

ማስታወቂያው የአንዲት አውሮፓ ያለች ተመራማሪ ነው። ጎጃም ውስጥ ከገበሬዎች ጋር የተደረገ ቃለ መጠይቅ፣ 12 የድምፅ ፋይል፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ ገደማ። ድምፁ ወደ ጽሑፍ ይለወጥ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ይተርጎም። ርዕሱ መሬት ነው።

እንግሊዝኛ ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ እጄ ይታሰራል። የማውቀው ሁሉ ይጠፋብኛል። ስለዚህ ስልኬን አነሳሁና ለእህቴ እንደምነግራት አድርጌ ድምፄን ቀዳሁ። እንዲህ ነበር ያልኩት፦

«ስሚ፣ ይቺ ሴትዮ ያላሰበችው ነገር አለ። ገበሬ ዓመት ሲጠራ ‹በሰባ ሰባት› ነው የሚለው። 1977 ማለቱ ነው፣ የድርቁ ጊዜ። ፈረንጅ ሲያነበው የራሱ 1977 ይመስለዋል። ሰዓቱም እንደዛው፤ ‹ሁለት ሰዓት ላይ ከቤት ወጣሁ› ካለ ጠዋት ነው፣ በነሱ ስምንት። መሬቱን ደግሞ በጥማድ ነው የሚነግራት። ዝም ብዬ ሄክታር ብዬ ልጻፍላት? አይሆንም። ልጠይቃት ይገባል። የሰሜን ሸዋውን ስሠራ እኮ በዚህ ምክንያት ነው ሁለት ፋይል እንደገና የሠራሁት…»

አያችሁ? ይህ ሁሉ ውስጤ ነበር። እንግሊዝኛ ፊት ሲቆም ግን አይወጣም። በአማርኛ ሦስት ደቂቃ ስናገር የፕሮፖዛሉ ሥጋ በሙሉ ወጣ። ከማንም የማይገለበጥ ነገር ነው፤ ምክንያቱም እነዚያን ሁለት ፋይሎች እንደገና የሠራሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ የተናገርኩትን በጽሑፍ ለኤአዩ እሰጠዋለሁ። በድምፅ የሚቀበሉ አሉ፣ ግን አማርኛ ላይ ብዙ ይስታሉ፤ ስለዚህ እኔ ራሴ እተይበዋለሁ። ትእዛዙ ይህ ነው፦

«ይህን ወደ ቀላል እንግሊዝኛ መልሰው። ያላልኩትን አትጨምር። ቁጥር አትጨምር። ራሴን የሚያሞግስ ቃል አትጨምር። አጭሩ ዓረፍተ ነገር አጭር ሆኖ ይቅር። ያልገባህን ጠይቀኝ፣ አትገምት።»

የመጨረሻዋን መስመር አትርሱ። ያን ቀን እንኳ ይህን ሁሉ ብዬው «በሰባ ሰባት» የሚለውን «በ1977» ብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር አስገባው። እኔ ደንበኛዋን የማስጠነቅቃት ስህተት የራሴ ፕሮፖዛል ውስጥ ገብቶ ሊሄድ ነበር። የኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት፣ የእኛ ሰዓት፣ የአባት ስምና የቤተሰብ ስም፣ እነዚህን ሁልጊዜ በዓይናችሁ ፈትሹ። ዓመት ስትለውጡ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ነው የሚደመረው፣ ከዚያ በኋላ 8። ኤአይ ይህን ያውቀዋል ግን በጽሑፍ መሐል ይረሳዋል።

ሁለቱን አነጻጽሩ

«ፕሮፖዛል ጻፍልኝ» ብቻ ብለው የሚሰጠኝን ለማየት ለዚያው ሥራ ሞከርኩት። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦

«ውድ የቅጥር ኃላፊ፣ የአማርኛ ቃለ መጠይቆችን ወደ ጽሑፍ ለመለወጥና ለመተርጎም ያወጡትን ማስታወቂያ በታላቅ ደስታ አነበብኩ። ሰፊ ልምድ ያለኝ የቋንቋ ባለሙያ እንደመሆኔ መጠን ትክክለኛ፣ ፈጣንና ጥራቱን የጠበቀ ሥራ ለማቅረብ ቁርጠኛ ነኝ። የባህል ግንዛቤዬ የተናጋሪዎቹ ሐሳብ ሳይዛባ እንዲተላለፍ ያደርጋል…»

ውሸት የለበትም። ነገር ግን ጎጃም የለም፣ ገበሬ የለም፣ መሬት የለም። የቱርክ ድራማ ለመተርጎምም ይላካል።

እኔ የላክሁት ይህ ነው፦

«ሰላም። ገበሬዎቹ ዓመት የሚጠሩት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። አንዱ ‹በሰባ ሰባት› ካለ በእናንተ 1984/85 ነው፣ የድርቁ ጊዜ። ትርጉሙ ላይ እንዳለ ትቼ የእናንተን ዓመት በቅንፍ ላስገባ ወይስ ቀይሬ ልጻፈው? ሰዓቱም በስድስት ሰዓት ይለያያል። መሬት በጥማድ ከለኩም ወደ ሄክታር ሳልለውጥ ቃሉን እተዋለሁ፣ ማብራሪያም እጨምራለሁ።

ባለፈው ዓመት በሰሜን ሸዋ የተቀዳ ተመሳሳይ ሥራ ሠርቻለሁ። የአንድ ሰዓት ድምፅ ጽፎ ለመተርጎም ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጅብኛል። የእርስዎ ፋይሎች በድምሩ ስምንት ሰዓት ናቸው፣ ስለዚህ ሦስት ሳምንት እፈልጋለሁ። ከፈለጉ መጀመሪያ አንዱን ፋይል ብቻ በክፍያ እንሞክር።

ድምፁ የተቀዳው ቤት ውስጥ ነው ወይስ ሜዳ ላይ?»

እዚህ ውስጥ ስሜን የማሞግስበት ቦታ የለም። የመጀመሪያው ሁለት መስመር ዝርዝሩ ላይ ሲታይ ዓመቱ ይነበባል። ያ ደግሞ ለእሷ ዜና ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል ግን ልምድ ያለው ሰው ጥያቄ ነው፤ ነፋስና ዶሮ ያለበት ቅጂ ሁለት እጥፍ ጊዜ ይበላል።

መቀነስ

እንግሊዝኛው ከመጣ በኋላ የእኔ ሥራ መሰረዝ ነው። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እይዝና ይህ ለሌላ ሥራ ቢላክ ያስኬዳል ወይ እላለሁ። ካስኬደ ይወጣል። በዚህ ብቻ ግማሹ ይረግፋል።

ከዚያ የታወቁትን ቃላት እፈልጋለሁ፤ «ኤክሳይትድ»፣ «ትሪልድ»፣ «ሊቨሬጅ»፣ «ሲምለስ»፣ «ሚቲኩለስ»፣ «ዴልቭ»። በየመሐሉ የሚገባው ረጅም ሰረዝ፣ ሦስት ሦስት ሆነው የሚሰለፉ ቅጽሎች። ቃላቱ ኃጢአት የለባቸውም፤ እኔ ስናገር ስለማልጠቀምባቸው ነው የማወጣቸው። ለምን መሰላችሁ? ደንበኛው ከወደደኝ በሚቀጥለው ቀን በቪዲዮ ያገኘኛል። ወረቀቱ ላይ እንደ ኦክስፎርድ ምሩቅ ተናግሬ በካሜራ ሌላ ሰው ሆኜ ብቀርብ ይደነግጣል። የምጽፈው እንግሊዝኛ ከምናገረው ትንሽ የጸዳ ቢሆን ይበቃል።

ሰው እንዲመስል ሆን ብላችሁ ስህተት አስገቡ የሚሉ አሉ። በፍጹም አልስማማም። ማስመሰል ነው፣ ለተርጓሚ ደግሞ ዳቦውን መቁረጥ ነው። ያ የቀበሌውን ማኅተም የጠየቀው ልጅ ሥራውን ያገኘው በስህተቱ ምክንያት አይደለም።

ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበዋለሁ። ምላሴ የሚደናቀፍበትን ቃል እቀይራለሁ። አንዳንድ ሰው የራሱን የድሮ ኢሜይሎች ሰጥቶ «በእኔ አጻጻፍ ጻፍ» ይለዋል። ሞክሬዋለሁ። ትንሽ ይረዳል፣ ግን እኔን ሲመስል ያጋንናል፤ አንድ ጊዜ «ሰላም ነሽ?» ብዬ የጀመርኩትን አይቶ ለሁሉም እንደዚያ ይጀምር ነበር።

ማስታወቂያው የራሱ ጥያቄዎች ካሉት፣ ለምሳሌ «እንዲህ ዓይነት ሥራ መቼ ሠራህ?» የሚል፣ ከደብዳቤው በፊት እነሱን ሥሩ። በሁለት በሦስት መስመር፣ ቀጥታ።

ሌላ ሙያ ላይ ያላችሁ

መንገዱ አንድ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ቪዲዮ ኤዲተር ነው። ፕሮፖዛሉ ሁሉ «ራዕይዎን እውን አደርጋለሁ» ይል ነበር። አሁን ከማመልከቱ በፊት የደንበኛውን የመጨረሻ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ያያል። «ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ሙዚቃው የእንግዳዎትን ድምፅ ይውጠዋል፤ እዚያ ላይ ዝቅ ባደርገው» ብሎ ይጀምራል። ሒሳብ የምትሠሩ፣ ዌብሳይት የምትሠሩ፣ ሎጎ የምትሥሉ፣ የእናንተን «በሰባ ሰባት» ፈልጉት። ሙያችሁ ውስጥ ውጭ ያለ ሰው የማያየው፣ እናንተ ግን ገና ስታነቡ የሚታያችሁ ነገር አለ። ካልታያችሁ ምናልባት ያ ሥራ የእናንተ ላይሆን ይችላል፤ ኮኔክታችሁን ያዙ።

እኔ አሁን በሳምንት ሦስት ብልክ ነው። አንዱ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል።

የደንበኛ ሰነድ

ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምናገረው። ደንበኛ የላከላችሁን ሰነድ ኤአይ ውስጥ አትለጥፉ። የልደት ሰርተፍኬት ላይ የአባትና የእናት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ አንዳንዴም የጥገኝነት ጥያቄ ታሪክ አለ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ሴቲንጉን ካላጠፋችሁ የምታስገቡትን ለሥልጠና ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ያ ወረቀት የአንድ ሰው ሕይወት ነው። ፕሮፖዛል ለመጻፍ በአደባባይ የወጣው ማስታወቂያና የራሳችሁ ልምድ ይበቃል። ልምዳችሁን ስትናገሩም የደንበኛ ስም አትጥሩ፤ እኔ «በሰሜን ሸዋ የተቀዳ» ብዬ አቁሜአለሁ።

ደንበኛ «ኤአይ ተጠቅመሻል ወይ?» ብሎ ቢጠይቀኝ እውነቱን ነው የምነግረው። ሐሳቡን በአማርኛ ተናገርኩት፣ እንግሊዝኛውን አቃናልኝ፣ እኔ አረምኩት። እስካሁን በዚህ የተቀየመኝ የለም።

ተመራማሪዋ በሁለተኛው ቀን መለሰች። የኢትዮጵያውን ዓመት እንዳለ ተይው፣ የእኛን በቅንፍ አስገቢ አለች። ቅጂው ሜዳ ላይ ነው። ከዚያ ከታች አንዲት ጥያቄ ጨምራለች፦ ጥማድ ምንድን ነው? መገናኛ ታክሲ እየጠበቅሁ ነበር። አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው፣ ሩብ ሄክታር ገደማ፣ ግን እንደ አገሩ ስለሚለያይ ገበሬውን ራሱን መጠየቅ ይሻላል ብዬ በስልኬ፣ በራሴ እንግሊዝኛ ጻፍኩላት። ሰኞ የመጀመሪያው ፋይል መጣ።